ለሙከራ የሞትኩ ዕለት

መኪና ውስጥ ሙዚቃ ለምን እንደሚያስፈልግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መኪና የተሠራው ሰውን ካለበት ወደሚፈልግበት እንዲያደርስ ነው። ከመካኒሳ ሳሪስ ለመድረስ ቤንዚንና ትዕግሥት ይበቃል፤ ዘፈኑ ምን ይጨምራል? መንገዱን አያሰፋው፣ ጉድጓዱን አይሞላው። ይህን የምለው ደግሞ እኔ ነኝ፤ መኪና ላይ ቴፕና ስፒከር እየገጠምኩ የምኖረው። ግብዝ እንዳትሉኝ። ጥርስ የሚነቅል ሰው ከረሜላ መውደድ አለበት ያለ የለም።

ዕድሜዬን ሬዲዮ ስጠግን ነው የኖርኩት። ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ የገባኝንም ያልገባኝንም መልሼ እገጥማለሁ፣ የተረፈኝን ብሎን ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማለሁ። ቆርቆሮው በሞላ ቁጥር እውቀቴም የጨመረ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሙያ ልጆቼን አሳደግኩ፣ አስተማርኩ፣ ተቆጣሁ። መቆጣቱንም እንደ ሥራ ቁጠሩልኝ፤ ቀላል አልነበረም። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሬዲዮውን ስልኩ ውስጥ ከተተና መካኒሳ አቦ አጠገብ ያለችው ኮንቴይነሬ የዝንብ ማረፊያ ሆነች።

"አባዬ፣ በቃህ። አሁን እረፍ" አለችኝ የመጨረሻዋ ልጄ ሜሮን።

"እረፍ የሚባለው የሞተ ሰው ነው" አልኳት። ይህን ንግግሬን ያዙልኝ።

ከኮንቴይነሬ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ፀጉራቸውን እንደ አውራ ዶሮ ያቆሙ ጎረምሶች የመኪና ድምፅ ይገጥማሉ። ከበራቸው በላይ "ፕሮፌሽናል" የሚል ተለጥፏል። አንድ ቀን ተሻገርኩና ፕሮፌሽናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ፕሮፌሽናል ማለት ስቲከር ያለው ማለት ነው" አለኝ አንደኛው፣ ፈገግ እንኳን ሳይል።

ቆሜ ሥራቸውን ተመለከትኩ። ሽቦ የሚልጡት በጥርሳቸው ነው። ምግብ በሚበሉበት አፍ! የማስታወቂያ መኪና ሲሆን ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ጣሪያው ላይ ይሰቅሉና ማይክሮፎኑን ይዘው "አሎ፣ አሎ፣ አንድ፣ ሁለት" ይላሉ። ሦስት ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እስከ ሁለት የቆጠረ ሰው ፕሮፌሽናል ከተባለ እኔ ምን ያቅተኛል ብዬ የዚያኑ ዕለት ሙያ ቀየርኩ።

ትምህርቱን ያገኘሁት ከስልክ ቪዲዮ ነው። አስተማሪዬ ክንዱን ከትከሻ እስከ ጣቱ የተነቀሰ ፈረንጅ ነበር፤ ልጄ ቢሆን ደጃፌን አያልፍም ነበር። የሚናገረውን አልሰማውም፤ እጁን ግን አያለሁ። የመኪናውን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ መልሶ ሲገጥም አንድ ብሎን አይተርፈውም። መጀመሪያ የተጠራጠርኩት በዚህ ነው፤ ቪዲዮውን ቆርጠው የቀጠሉት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በቆርቆሮ ላይ በቀለም "ፕሮፌሽናል የመኪና ድምፅ ገጠማ፣ በሥነ ምግባር" ብዬ ጻፍኩና ሰቀልኩ። ስቲከር አልለጠፍኩም።

ደንበኛ ያሳጣኝ ሥነ ምግባሩ ነው። መጀመሪያ የመጣው ትንሽ መኪና የያዘ ወጣት ነበር። በርሜል የሚያህል ስፒከር ይዞ መጥቶ "ፋዘር፣ ደረት የሚመታ ቤዝ ነው የምፈልገው" አለኝ።

"ደረትህን የሚያስመታህ ምን አጥፍተህ ነው?" አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ጆሮ ጤንነት፣ ስለ ጎረቤት፣ አልጋ ላይ ስለዋለ በሽተኛ እየመከርኩ ገጠምኩለት። ሲከፍተው መኪናው እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠና የኋላው ታርጋ ተፈቶ አስፋልት ላይ ወደቀ። ልጁ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ "ይሄ ነው ፋዘር!" ብሎ አቀፈኝ። ታርጋውን የጣለበትን ሰው የሚያቅፍ ትውልድ ላይ ደርሰናል። እኔም ታርጋውን መልሼ ሳስር ለራሱ ጥቅም ብዬ ድምፁንም አብሬ አሰርኩት፤ ከልክ በላይ እንዳይወጣ። በማግስቱ ማዶ ካሉት ጎረምሶች ዘንድ ሲያስፈታው አየሁት።

ቀጥላ የመጣችው በአንድ የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን የምትዘምር ወይዘሮ ነበረች። የምትሰማው መዝሙር ብቻ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ሠራሁላት። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር እንደተጋባ እስካሁን አላወቅኩም፤ ፍሬቻ ባበራች ቁጥር መዝሙሩ ይቆማል። "ሃሌ" ብሎ ይቆምና መታጠፊያውን አልፋ ፍሬቻው ሲጠፋ "ሉያ" ይላል።

"ወንድሜ፣ እኔ ማመስገን የምችለው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብቻ ሆነ እኮ" አለችኝ።

"እሱማ ለሁላችንም ትምህርት ነው" አልኳት። ትምህርቱን ሳትወስድ መኪናዋን ወሰደች።

የእድሩ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። የእድራችን ለፋፊ አባባ ድንቁ ለብዙ ዘመን በጡሩምባና በጉሮሯቸው ሞት ሲያስነግሩ ኖረው ድምፃቸው ሄደ። ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ነገር ወሰነ። ድንኳንና ድስት የሚያመላልሰው አሮጌ ፒክአፕ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ይገጠምለታል፤ የሟች ስምና የቀብር ሰዓት አንድ ጊዜ ፍላሽ ላይ ይቀዳል፤ መኪናው ሰፈሩን እየዞረ ያስነግራል። የማዶዎቹ አውራ ዶሮዎች ይህን ሰምተው "እኛ እንሥራው፣ ሰማያዊ የሚበራ መብራትም እንጨምርበታለን" ብለው ቀረቡ። ለሞት! የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሽመልስ ሰላምታም ቢሆን ከደንብ ጠቅሰው የሚሰጡ ሰው ናቸው። "መብራት በደንቡ ውስጥ የለም" አሉና ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

የዚያን ዕለት ባለቤቴ ዘነበች በሜሮን ፊት እንዲህ አለችኝ፦

"እስቲ ስማኝ። ይሄኛውም መኪና ካልተናገረልህ ኮንቴይነሩን ዘግተህ ቤትህ ትቀመጣለህ።"

"ቃሌ ነው" አልኩ።

ልጆቼን ቃላችሁን ጠብቁ እያልኩ በቁንጥጫ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ መመለሻ የለኝም። ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ጡረታ የወጡ ጎረቤቶቼን አያቸዋለሁ። ጠዋት ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ ያወጣሉ፣ ከሰዓት ወደ ጥላው ያዞሩታል፤ ሲመሽ የዋሉበትን ሥራ የጨረሱ ያህል ይደክማቸዋል። እኔ እንደዚያ ከምሆን ከፍሬቻ ጋር ስሟገት ብኖር ይሻለኛል።

ስለዚህ ተጠነቀቅኩ። ሽቦውን በፒንሳ እንጂ በጥርሴ አልነካሁም። ቁልፉ ሲዞር ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ ፍላሹ ላይ ያለውን እንዲናገር፣ ሲጨርስም ከመጀመሪያው እንዲደግም አደረግኩት። ሾፌሩን ጌቾን ጠርቼ ጣቴን ዓይኑ ሥር አወዛወዝኩ።

"ምንም ነገር እንዳትነካ። ያንተ ሥራ መንዳት ነው። እሱ ሲናገር አንተ ሰፈሩን ትዞራለህ። ገባህ?"

"ገባኝ ጋሼ።"

"ምን ገባህ?"

"ሲናገር እዞራለሁ። አልነካም።"

ያስጠናሁትን ያህል ገባው። ይህን ደግሞ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ቀጣዩ ሙከራው ነበር። እንደ አውራ ዶሮዎቹ "አንድ፣ ሁለት" ማለት ክብሬ አልፈቀደም። ሞት የሚያስነግር ማሽን የሚፈተነው በሞት ነው። ግን የማንን ስም ልጥራ? በሕይወት ያለን ጎረቤት ሞተ ማለት ነውር ነው፤ ኃጢአትም ነው። ከራሴ ፈጥሬ ስም ብል ደግሞ መካኒሳ ውስጥ የዚያ ስም ባለቤት አይጠፋም። አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ያለ ፈቃድ ልገድለው የምችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የኮንቴይነሩን በር ዘጋሁና ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጠርቼ፣ "የእድራችን አባል ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በአቦ ቤተክርስቲያን ይፈጸማል፤ የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ" ብዬ ቀዳሁ። ድምፄን ራሴ ወደድኩት። ሐዘን ነበረበት፤ ተግሣጽም ነበረበት።

ጎረቤት እንዳይደነግጥ ብዬ የጣሪያውን ድምፅ ማጉያ ነቅዬ በትንሽ ስፒከር አዳመጥኩት። አንድ ፊደል አልተዋጠም። ከዚያ መኪናውን ወስጄ የእድሩ ግቢ አቆምኩ፤ ሞተሩን አጥፍቼ የጣሪያውን መልሼ ቀጠልኩ፤ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠሁ። ጣሪያው ላይ ሽቦው በናስትሮ ብቻ ተለጥፎ ማየቱ ደስ አላለኝም። ፕሮፌሽናል በናስትሮ አይጨርስም። መያዣ ልገዛ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሄድኩ። ስልኬን እንደ ልማዴ ዘጋሁ፤ በሥራ ሰዓት ስልክ የሚያነሣ ሰው ሥራውንም ስልኩንም አያከብርም ብዬ ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ፍላሹ ማሽኑ ላይ ቀረ።

መያዣ ሻጩ ከፕላስቲክ የተሠራውን "ብረት ነው" አለኝ። ተከራከርን፣ መከርኩት፣ ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ ገዝቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰው ተቀምጠዋል።

"ድንገት ነው አሉ?" አለች አንደኛዋ።

"ድንገት ነው። ጠዋት እኮ ሽቦ ተሸክሞ ሲያልፍ አይቼዋለሁ።"

"ደግ ሰው ነበር?"

ሁለተኛዋ ነጠላዋን አስተካከለች። "ቁጡ ነበር" አለች።

"ቂም ግን አይዝም ይላሉ።"

"ይላሉ። ልጄን ግን መንገድ ላይ አስቁሞ ሱሪህን ከፍ አድርግ ብሎ ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ መከረው። ልጁ ያንን ሱሪ ዳግም አላደረገው።"

ሰው እውነት ሲናገር ዝም ማለት አልችልም። "ሟቹ ልክ ነበር" አልኳቸው ከኋላ። "እንደዚያ ያለ ሰው ነው የጠፋው። ነፍሱን ይማርና፣ ማን ነው?"

"የአቦው ሬዲዮ ጠጋኝ ነዋ" አለች ዞር ሳትል። "አሁን ደግሞ የመኪና ቴፕ ካልገጠምኩ ብሎ የተነሣው።"

መጀመሪያ ያሰብኩት ሰፈራችን ውስጥ ሌላ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ያውም የመኪና ቴፕ የሚገጥም፣ መኖሩን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ። ደንበኞቼን ማን እንደወሰደብኝ የደረስኩበት መሰለኝ።

"የሚገርምሽ እኮ" ቀጠለች ሴትዮዋ፣ "ራሱ ነው የለፈፈው።"

"ማን?"

"ሟቹ! በገዛ ድምፁ። ሳይሞት ቀድቶ አስቀምጦት ነው አሉ። ያ ሰው ሞቱን እንኳን ለሌላ አምኖ አይሰጥም።"

"እሱስ እውነትሽን ነው። ያደርገዋል።"

ያኔ ፍላሹ ትዝ አለኝ።

"ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ዞሩ። አንደኛዋ አማተበች፤ ሁለተኛዋ ልታማትብ እጇን አንሥታ እዚያው ቀረች። ረዳቱ ሒሳብ ሳይጠይቀኝ በሩን ከፈተልኝ፤ ከሙት መቀበል የከበደው መሰለኝ።

ከታክሲው ስወርድ ፒክአፑ ከማዶ ቀስ ብሎ ሲመጣ አየሁት። ጣሪያው ላይ ሆኜ መሞቴን እናገራለሁ። ኋላ እንደሰማሁት ጌቾ መኪናውን ነዳጅ እንዲያስሞላ ተልኮ ቁልፉን ሲያዞር ማሽኑ ተናገረ። ልጁ ያስጠናሁትን አደረገ። አልነካም፤ ዞረ። ከአቦ እስከ ፉሪ መንገድ እያለቀሰ ዞረ። መሐል መንገድ ገብቼ እጄን ዘረጋሁበት። በመስታወቱ አየኝ፤ ፍሬን ያዘ፤ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ሮጠ። መኪናው ግን እዚያው ቆሞ እኔን መቅበሩን ቀጠለ። ፍላሹን ነቅዬ በእግሬ ወደ ቤቴ አመራሁ።

ደጃፌ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ድንኳኑን የሚተክሉት እነማን መሰሏችሁ? የማዶዎቹ አውራ ዶሮዎች። ሱቃቸውን ዘግተው ምሰሶ ይዘዋል፤ ስለ ስቲከር የነገረኝ ልጅ ዓይኑ ቀልቷል። እነሱን እዚያ ማየት ምኞቴ አልነበረም። የምኮራባቸው፣ ወንበራቸውን ከፀሐይ ወደ ጥላ የሚያዞሩት ጨዋ ጎረቤቶቼ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ከተባለ ዘጠኝ ሰዓት ሊመጡ አስበው ይሆናል።

ቀይ ዓይኑ ልጅ አየኝና ምሰሶው ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ። "ጋሼ... አለህ?"

"አለሁ። ምሰሶውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ ጠሟል።"

ከዚያ ጩኸት ሆነ። አንዲት ሴት ወደቀች፤ ሌላዋ ሸሸች፤ አባባ ድንቁ በሌለ ድምፃቸው "ተነሥቷል" ሲሉ በከንፈራቸው አነበብኩ። ጋሽ ሽመልስ መንገዱን ሰንጥቀው መጡ።

"አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ቤቴ ነው እኮ ጋሽ ሽመልስ።"

"ድንኳኑ የተተከለው ላንተ ነው!"

"አየሁት። አስከሬኑንስ ማን አየው? ሰው ሞተ ተብሎ ሬሳ የት ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳን ይጥፋ?"

ወደ ኮሚቴው ዞሩ። ስለ ድስቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሽሮው ተጠይቋል፤ ስለ እኔ ግን ማንም አልጠየቀም።

ባለቤቴ ዘነበች ተደግፋ ከቤት ወጣች። ፊቷ አብጧል። ሜሮን ከሥራ ገበታዋ ተጠርታ ገና መድረሷ ነው፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ዘነበች ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ስልክህን ለምንድን ነው የምትዘጋው?" አለች። ከዚያ በሁለት እጇ ደረቴን እየመታች እንደገና አለቀሰች። ደረት የሚመታ ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ኮሚቴው ድንኳኑ ውስጥ እዚያው ስብሰባ ተቀመጠ። ሥራ ጥለው የመጡት "ለቅሶ እንደደረስን ይቆጠርልን" አሉ። ያልመጡ ሰዎች ወዳጆች ደግሞ "ሳይሞት ምን ቅጣት አለ?" ብለው ተነሡ። ጋሽ ሽመልስ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ወጡት፤ የሞተ አባል ተመልሶ ስለሚመጣበት ሁኔታ የሚናገር አንቀጽ አላገኙም። በመጨረሻ፣ በገደለው ማሽን ይነሣ፣ ራሱም ፒክአፑ ላይ ሆኖ ሰው ይየው ተብሎ ተወሰነ። እኔም "በስህተት ሞተዋል የተባሉት አባላችን በሕይወት ስላሉ ለቅሶው የቀረ መሆኑን እናሳውቃለን" ብዬ ቀዳሁ። ጌቾ አምኖኝ እስኪቀርብ ጊዜ ወሰደ። ከኋላ ቆሜ ሰፈሩን ዞርኩ። አንዱ ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ "እንኳን ተመለሱ ጋሼ!" አለኝ። አንዲት ሴት በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ "ታዲያ ሽሮውን ማን ሊበላው ነው?" አለች። ከጨዋ ጎረቤቶቼ አንዱ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝና "እኔስ አላመንኩም ነበር" ብሎ ወደ ጥላው ዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ካቻቢቴዬን ይዤ ኮንቴይነሬ ላይ ወጣሁና የሰቀልኩትን ማስታወቂያ መፍታት ጀመርኩ። ሥራው አልተሳካም፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው። ብሎኖቹን እየፈታሁ ከሰዓት ወንበሬን በየት በኩል እንደማዞር አስብ ነበር። ዘነበች ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ከሥር መጥታ ቆመች።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ቃሌን እየጠበቅኩ።"

"ምን ነበር ያልኩህ?"

"መኪናው ካልተናገረልህ ትዘጋለህ።"

"ትናንት ሽንኩርት ስመርጥ ነበርኩ" አለች። "ያ ሁሉ ነጋዴ እየጮኸ፣ ያ ሁሉ መኪና ክላክስ እያደረገ፣ ስምህን ከነአያትህ ሰማሁ። ሰዓቱን ሰማሁ። ቤተክርስቲያኑን ሰማሁ። ሽንኩርቱን ጥዬ የመጣሁት ምን ሰምቼ ይመስልሃል? አልተናገረም ብዬ ልዋሽልህ?"

መፍታቱን አቆምኩ። ስትሄድ ዘንቢሏን አየሁት፤ ባዶ ነበር። ትናንት የጣለችውን ልትገዛ መሄዷ ነው።

ብሎኖቹን አንድ በአንድ መልሼ አሰርኩ። ሳበቃ መዳፌን ገለጥኩ፤ የተረፈ አልነበረም።

ከመሰላሉ ስወርድ አንድ የሚኒባስ ባለቤት ቆሞ ይጠብቀኛል። "ጋሼ፣ ሽንት ቤት ሆኜ እንኳን ሞትዎን ቃል በቃል ሰምቻለሁ። ለእኔም እንደዚያ ጥርት ያለ ድምፅ ይግጠሙልኝ፤ ማይክሮፎንም ይኑረው" አለኝ። ከኋላው ሌላም መኪና ቆሟል። ለምን ዓላማ እንደሚፈልጉት አልጠየቅኩም፤ ምክሩን ለዛሬ ተውኩት።

የሚኒባሱን ጨርሼ የሙከራው ሰዓት ሲደርስ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። በመንገዱ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማን ሊሞት እንደሆነ ለመስማት ይመስለኛል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"አሎ፣ አሎ" አልኩ። "አንድ፣ ሁለት።"

ከአስፋልቱ ማዶ አውራ ዶሮዎቹ ሁሉ ከሱቃቸው ወጥተው አጨበጨቡ። ቀይ ዓይን የነበረው ልጅ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ይበቃል ፋዘር፣ ፕሮፌሽናል ሆነሃል!" ብሎ ጮኸ።

"ሦስት" አልኩ። እንደ እነሱ መሰልኳቸው እንዴ?